በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪ፦ ደንቡ የሚከብደው ከገባችሁ በኋላ ነው

ጅማ ውስጥ ሥራ ላይ ሆኖ ማስተርስ ለመማር ያሰበ ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ለመግባት ምን ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ፈተናው ይከብዳል ወይ?» ይላል። ሦስተኛ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ በዞን መሥሪያ ቤት የዕቅድና በጀት ባለሙያ ሆኜ እየሠራሁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ተምሬ ጨርሻለሁ። ካየሁት ተነሥቼ ስናገር የመግቢያው መስፈርት ከሁሉም ቀላሉ ነው። በመካከል ያቋረጡት የክፍል ጓደኞቼ በሙሉ መግቢያውን በሚገባ ያለፉ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ መግቢያውን ቶሎ ብዬ ልለፈው። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ሁለተኛ ዲግሪ ለመጀመር ትምህርት ሚኒስቴር የሚያሰጠውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ተማሪው በአጭሩ «ጋት» ይለዋል። የቋንቋ፣ የቁጥርና የምክንያታዊ አስተሳሰብ ጥያቄዎች ስለሚበዙበት የኢኮኖሚክስ ደብተር ይዞ መቀመጥ ብዙም አይጠቅምም። ከዚህ በተጨማሪ በኢኮኖሚክስ ወይም በተቀራራቢ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖራችሁ ይገባል። «ተቀራራቢ» የሚባለው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ክፍለ ትምህርቱ ነው፤ የግብርና ኢኮኖሚክስ ምሩቅ ብዙውን ጊዜ አይቸገርም፣ የማኔጅመንት ወይም የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ግን ከማመልከቱ በፊት ቢሮ ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ ይሻለዋል። በሁሉም የትምህርት መስክ ያሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መፈተን የጀመሩት በሐምሌ 2015 ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተመረቀ ሰው የመውጫ ፈተናውን ማለፉም ይታያል። ከግል ኮሌጅ የተመረቃችሁ ደግሞ ማስረጃችሁን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ እንዳትረሱ።

እዚህ ላይ ጥቂት የምቆምበት ነገር ቢኖር ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ነው። ይህ ወረቀት በእጃችሁ አይሰጥም። ከተመረቃችሁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ ወደምትማሩበት ሬጅስትራር ይላካል። ለመላክ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳችሁ ምን ላይ እንደደረሰ ይጠየቃል። ደመወዝተኛ ከሆናችሁ በየወሩ ከደመወዛችሁ ሲቆረጥ ኖሯል፤ ነገር ግን የተቆረጠው ገንዘብ ለገቢዎች መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ የሚያሰባስብላችሁ ሰው የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዓመታት ሙሉ ሲቆረጥበት ቆይቶ ደብዳቤውን ለማግኘት ሦስት የቀድሞ መሥሪያ ቤቶቹን መዞር ነበረበት። ከጎንደር ወይም ከመቀሌ ተመርቆ ጅማ የሚኖር ሰው ይህን ጉዳይ በመስከረም ሳይሆን በግንቦት ይጀምር። እዚያ አካባቢ የሚያምነው ዘመድ ካለው ውክልና ልኮ ማስጨረስ ይችላል። አብዛኞቹ ተቋማት በጊዜያዊ ዲግሪና በተማሪ ኮፒ መዝግበው ኦፊሺያሉን ቀን ቆርጠው ይጠብቃሉ፤ ቀኑ ካለፈ ግን የሁለተኛ ሴሚስተር ምዝገባችሁ ይቆማል።

መሥሪያ ቤታችሁ ስፖንሰር የሚያደርጋችሁ ከሆነ ውል ትፈርማላችሁ። ስንት ዓመት ተመልሳችሁ እንደምታገለግሉ፣ ብታቋርጡ ምን እንደምትከፍሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። ሰው ስለ ጋት ወር ሙሉ እየተጨነቀ ይህን ውል ግን ቆሞ ይፈርመዋል። ተቀምጣችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሴኔት ሕግ አለው። መሠረቱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው፤ ዝርዝሩን ግን ሴኔቱ ያወጣዋል። ወፍራም ሰነድ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ አሰልቺም ነው። የድኅረ ምረቃውን ክፍል ብቻ ነጥላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡት። እኔ ያነበብኩት የበጀት መመሪያ ማንበብ ልማድ ስለሆነብኝ እንጂ ትጉህ ተማሪ ስለሆንኩ አይደለም፤ ቢሆንም ከማንኛውም የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ያላነሰ ጠቅሞኛል።

ከዚያ ሰነድ ውስጥ ሰውን ከመመረቅ የሚያስቀረው አንቀጽ የድምር አማካይ ነጥብ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ 2.00 ይዞ መመረቅ ይቻል ነበር። በሁለተኛ ዲግሪ 3.00 ነው። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ብቻ ይመስላል፤ ስሌቱ ላይ ግን ሌላ ነው። ቢ 3.0 ነው፣ ሲ ደግሞ 2.0። ስለዚህ በሁለተኛ ዲግሪ ቢ ማለት ልክ መስመሩ ላይ መቆም ማለት ነው። ክሬዲታቸው እኩል በሆኑ ኮርሶች አንድ ሲ ያገኘ ሰው ወደ 3.00 ለመመለስ አንድ ሙሉ ኤ ወይም ሁለት ቢ ፕላስ ማምጣት አለበት። ሁለት ሲ ከሆነበት ሁለት ኤ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ በኢኮኖሚክስ ኤ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አማካዩ ቢሞላ እንኳ የሲ ቁጥር ከተወሰነ በላይ እንዳይሆን ይከለክላሉ፣ ኤፍ ይዞ መመረቅም አይቻልም። የመመረቂያ ጽሑፉ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» ተብሎ በነጥብ ሳይሆን በቃል ስለሚገመገም በብዙ ቦታ አማካዩ ውስጥ አይገባም። «በቴሲስ አካክሰዋለሁ» ብሎ ያሰበ ሰው የሚያካክስበት ነገር የለውም።

አደጋው ያለው ደግሞ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። አድቫንስድ ማይክሮ፣ አድቫንስድ ማክሮ፣ ሒሳብ ለኢኮኖሚስቶችና ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መመርመር) ተደራርበው የሚመጡት ገና ወንበር ሳትለምዱ ነው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሰው የአቅርቦትና የፍላጎት መስመር እየሳለ የሚማር ይመስለዋል። መምህሩ ግን ገብቶ ሰሌዳውን በላግራንጅ (ገደብ እያለ የተሻለውን ውጤት መፈለጊያ ዘዴ) ይሞላዋል፣ በሳምንቱ ኩን ታከር ይመጣል፣ ከዚያ የስሉትስኪ እኩልታ። ማክሮው በሶሎው የ1956 እ.ኤ.አ. የዕድገት ሞዴል ቀስ ብሎ ይጀምርና ወደ ራምዚ ሲሻገር ክፍሉ ዝም ይላል። ከሥራ የመጡ ሰዎች የሚቸገሩት ኢኮኖሚክሱን ስላላወቁ አይደለም፤ ዲሪቬቲቭ ከሠሩ አሥር ዓመት ስላለፋቸው ነው።

መድኃኒቱ ክረምት ነው። ጅማ እንደምታውቁት ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሰውን ከቤት አያስወጣም፤ ለዚህ የሚመች ወቅት አይገኝም። ፓርሻል ዲሪቬቲቭ፣ ማትሪክስ መገልበጥ፣ ገደብ ያለበትና የሌለበት ኦፕቲማይዜሽን፣ ሎጋሪዝም፤ እነዚህን አራት ነገሮች እጃችሁ እስኪለምድ ሥሩ። ማንበብ አይበቃም፣ በእስክሪብቶ መሥራት ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ከምትሠሩት ሥራ ጋር አያይዙት። እኔን ላግራንጅ የገባኝ በውስጡ ያለው ላምዳ የሚባለው ምልክት ምን እንደሆነ ሳውቅ ነው፦ በጀቱ ላይ አንድ ብር ቢጨመር ግባችን በምን ያህል ይሻሻላል የሚለውን ይለካል። ወረዳዎች በየዓመቱ ተጨማሪ በጀት ሲጠይቁኝ የማነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ስሙን ባላውቀውም ለዓመታት ስሠራበት ኖሬያለሁ። የባንክ ሠራተኛ የሆነች የክፍል ጓደኛዬም የነገን ገንዘብ በወለድ ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስን ከቤልማን እኩልታ (የዛሬንና የነገን ጥቅም ከሚያመዛዝነው ቀመር) ጋር አያይዛ ለሁላችንም አስረድታናለች። ከሥራ የመጣ ሰው ከወጣቶቹ የሚበልጥበት ነገር ይህ ነው። ወጣቶቹ በአልጀብራ ይቀድሙናል፤ ስለዚህ ቡድን ስትመሠርቱ ከሁለቱም ወገን ይኑር።

ኢኮኖሜትሪክስን ሶፍትዌር ከመልመዳችሁ በፊት በወረቀት ተማሩት። ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አንድ ትእዛዝ ጽፎ ሠንጠረዥ ማውጣት በአንድ ከሰዓት ይለመዳል። ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ቁጥር የሚታመን መሆን አለመሆኑን ማወቅ ግን ሴሚስተር ይፈጃል። ስታታ ውድ ነው፤ አር የሚባለው ሌላው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፣ ሥራውንም ሁሉ ይሠራል። ሁለቱንም መልመድ የሚችል ሁለቱንም ይልመድ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመቱን ወደ ሦስት ወደ አራት የሚያስረዝመው እሱ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ማራዘሚያ በደብዳቤ ይጠየቃል፣ ክፍያም አለው፣ ማራዘሚያውም ማብቂያ አለው።

ርዕስ ስትመርጡ መጀመሪያ መረጃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ጅማ ላይ ያለን ተማሪዎች ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው የሀገር አቀፍ የጊዜ ተከታታይ መረጃ ወስዶ የዋጋ ንረትን፣ የውጭ ምንዛሪን ወይም የዕድገትን ጉዳይ ማጥናት ነው። ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ችግሩ የዓመታዊ መረጃችን ርዝመት አርባ ወይም ሃምሳ ዓመት ብቻ መሆኑ ነው፤ አሥር ተለዋዋጭ ካለፉት ዓመታት ዋጋቸው ጭምር ከከተታችሁበት የሚተርፍ ነገር የለም። ሌላው ደግሞ ምንጭ ማደባለቅ ነው። የኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ላይ ያርፋል። ብሔራዊ ባንክ በሁለቱም ዓመት ስም ይጽፈዋል፣ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ግን አንዱን ዓመት ብቻ ይሰጡታል። ግማሹን ተለዋዋጭ ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው የወሰደ ተማሪ ሳያውቀው መረጃውን በአንድ ዓመት ሊያንሸራትተው ይችላል። እያንዳንዱን ተለዋዋጭ «የትኛው ዓመት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛው መንገድ ወጥቶ መጠየቅ ነው። በቡና አገር ተቀምጦ ስለ ቡና አለማጥናት ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ጎማ፣ መና፣ ሊሙ ኮሳ፣ ሰቃ ጨቆርሳ ሁሉም በቅርብ አሉ። እኔም ገበሬው ቡናውን ለኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ለነጋዴ ለመሸጥ የሚወስነው በምን እንደሆነ ነው ያጠናሁት። ከኋላዬ ከምትመጡት መካከል ይህን መንገድ ለምትመርጡ የሚከተለውን ልብ በሉ።

ገበሬውን «ዓምና ምን ያህል ቡና አመረቱ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ስጠይቃቸው መልሰው ጠየቁኝ፦ «የቱን ነው ልጄ? እሸቱን ነው ጀንፈሉን?» ትክክል ነበሩ። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል፤ ከደረቀው ጀንፈል ከሆነ ደግሞ ሁለት ኪሎ ገደማ። አንዱ በኩንታል ይነግራችኋል፣ ሌላው በፈረሱላ፣ ይኸውም 17 ኪሎ ነው፣ ሦስተኛዋ በጣሳ ትነግራችኋለች። መጠይቁ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ከተዋችሁ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓምድ ውስጥ ይገቡና ሪግሬሽኑ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም። የቡናውን ዓይነት፣ መለኪያውን፣ መጠኑን በሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ጠይቁ። መጠይቁን በኦሮምኛ አዘጋጅታችሁ ከዋናው ሥራ በፊት ጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሩት። እንግሊዝኛውን ይዞ ሜዳ ላይ በቃል መተርጎም አይሆንም፤ እያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ የተለያየ ጥያቄ ይጠይቃል።

ጊዜውንም ከቡናው ጋር አስማሙት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገበሬው ለቀማ ላይ ነው፤ ቁጭ ብሎ አርባ ደቂቃ የሚያወራችሁ የለም፣ ቢያወራችሁም ሽያጩ ገና አላለቀም። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው። ጥሩው ጊዜ ጥርና የካቲት ነው፦ ምርቱ ገብቷል፣ የተሸጠው ተሸጧል፣ ዋጋውም ገና አልተረሳም። ከዚህ ወደ ኋላ ቁጠሩና ፕሮፖዛላችሁ እስከ ኅዳር መጽደቅ እንዳለበት ታያላችሁ። ስለዚህ ከአማካሪያችሁ ጋር ስለ ርዕስ መነጋገር ያለባችሁ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ነው። ፕሮፖዛል በመጋቢት ያጸደቀ ሰው ሰኔ ላይ ከዝናብ ጋር ሲታገል አይቻለሁ።

ደብዳቤም አለ። ኮሌጁ ለዞን ይጽፋል፣ ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ። አንዱ ሲጎድል ሌላው አይቀበልም። ዞን ላይ ስለምሠራ ለእኔ ቀሎልኝ ነበር፤ ለሌላው ሰው ሁለት ሳምንት መድቡለት።

ስለ ናሙና መጠን አንድ ነገር ተናግሬ ልለፍ። በየቴሲሱ ሦስተኛ ምዕራፍ የያማኔ የ1967 እ.ኤ.አ. ቀመር ይገኛል፦ የሕዝቡ ብዛት ለአንድ ሲደመር የሕዝቡ ብዛት ሲባዛ የስሕተቱ ካሬ ይካፈላል። በአምስት በመቶ ስሕተት 10,000 አባወራ ካለ 385 ይወጣል፣ 100,000 ቢሆን 398። ሕዝቡ አሥር እጥፍ አድጎ ናሙናው በአሥራ ሦስት ብቻ ነው የጨመረው፤ ስሕተት አይደለም፣ ቀመሩ እንዲያ ነው። ነገር ግን የተሠራው በቀላል የዕጣ ናሙና አንድን ምጣኔ ለመገመት ነው። እናንተ ወረዳ መርጣችሁ፣ ከወረዳው ቀበሌ መርጣችሁ፣ ከዚያ ሎጂት (አዎ ወይም አይ የሚባልበትን ውሳኔ የሚያጠና ሞዴል) ወይም የሔክማን ሁለት ደረጃ ሞዴል የምትሠሩ ከሆነ ፈታኙ «ይህ ቀመር ለዚህ ይሆናል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቀመሩን ተጠቀሙበት፣ ግን ለምን በቂ እንደሆነ የራሳችሁን ምክንያት ይዛችሁ ግቡ።

ሔክማንንም ፋሽን ነው ብላችሁ አትውሰዱት። ሰውየው በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ነገር ይኸው የናሙና ምርጫ ችግር ነው፦ ለማኅበር የሸጡትን ብቻ አይታችሁ ስንት እንደሸጡ ብታጠኑ፣ ያልሸጡት ለምን እንዳልሸጡ ውጤቱን ያዛባዋል። በመጀመሪያው ደረጃ የሚገባ፣ በሁለተኛው ግን የማይገባ ቢያንስ አንድ ተለዋዋጭ መያዝ ይመከራል። እኔ ከማኅበሩ ማዕከል ያለውን ርቀት ተጠቅሜያለሁ፤ በዲፌንሱ (ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ባስረዳሁበት) ቀን የውጭ ፈታኙ መጀመሪያ የጠየቁኝም እሱን ነው። ርቀት የሚሸጠውን መጠን አይነካም ያልኩበትን ምክንያት አስረዳኋቸው፤ ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አልመሰለኝም፣ ግን ምክንያት እንዳለኝ አይተዋል።

ዲፌንስ ላይ ሰብሳቢ፣ የውስጥ ፈታኝና የውጭ ፈታኝ ይቀመጣሉ። የተሰጣችሁን ደቂቃ ስለ ጥናቱ ዳራ አታባክኑት፤ ፈታኞቹ ጅማ ቡና እንደሚያመርት ያውቃሉ። ውጤቱና ዘዴው ላይ ቆዩ። ከዚያ በፊት ጽሑፉ በተርኒቲን ወይም በተመሳሳይ ሶፍትዌር ያልፋል፣ የሚፈቀደው የተመሳሳይነት መጠን በዩኒቨርሲቲው መመሪያ ላይ አለ። የሥነ ጽሑፍ ዳሰሳውን ከቀደመ ሰው ቴሲስ ገልብጦ ቃል እየቀየረ ያመጣ ሰው ሶፍትዌሩን ቢያመልጥ እንኳ ፈታኙን አያመልጥም፣ የቀደመውንም ቴሲስ ፈታኙ ራሱ ሳይፈትነው አልቀረም።

ከዲፌንሱ በኋላ የእርማት ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አለፍኩ ብሎ ይዘናጋል። እርማቱ በፈታኞቹ ታይቶ፣ አማካሪው ፈርሞ፣ የተጠረዘው ኮፒና ሶፍት ኮፒው ለክፍለ ትምህርቱና ለቤተ መጻሕፍት ገብቶ ካላለቀ ስማችሁ ለሴኔት አይቀርብም፣ ሴኔት ያላጸደቀው ደግሞ ጋውን ቢለብስም አልተመረቀም። የፈታኞቹን አስተያየት በሠንጠረዥ አድርጉት፤ በአንድ በኩል አስተያየቱ፣ በሌላው ያስተካከላችሁበት ገጽ። አማካሪው ሙሉውን ጽሑፍ እንደገና ሳያነብ ይፈርምላችኋል። ክሊራንሱን ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት ጀምሩት፤ ከሌላው ቦታ ሁሉ ወረፋው የሚረዝመው እዚያ ነው።